ጠርዙ ነው የሚፋቀው

እኔ የምቀመጠው ከላብራቶሪው መስኮት ወዲህ ነው፤ ውጤት ከምትቀበሉባት ከዚያች ጠባብ መስኮት ውስጥ በኩል፣ እዚሁ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቅ። ፊታችሁ ላይ አልድን ያለ ቁስል ይዛችሁ ስትመጡ ከመስኮቷ ወዲህ ምን እንደሚሆን የሚነግራችሁ የለምና ቀረብ በሉ።

ብዙው ሰው የሚመጣው ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ ጸበል፣ ቀጥሎ ቅጠል፣ ከዚያ ከመድኃኒት ቤት ቅባት። "የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው" ይላሉ። የሌሊት ወፏ ምንም የለችበትም። ቁንጭር የሚባለውን ይህን የቆዳ ቁስል የሚያመጣው እ.ኤ.አ. በ1973 በአገራችን ስም የተሰየመው ሊሽማንያ ኤቲዮፒካ የተባለ ተውሳክ ነው። ገደልና ዋሻ ውስጥ የሚኖረው ሽኮኮ ይሸከመዋል። ከትንኝ የምታንስ፣ ስትበር ድምፅ የማታሰማ የአሸዋ ዝንብ ደግሞ ከሽኮኮው ቀድታ ሰውን ትነድፋለች። ገደል ሥር የሚያድር ሕፃን ገላው በጋቢ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ ውጭ የሚቀረው ፊቱ ነው። ጉንጭና አፍንጫ ላይ የሚበዛውም ለዚህ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት አሥር ዓመት ያልሞላትን ልጃቸውን ይዘው መጡ። የልጅቷ አፍንጫ አብጧል፤ ጫፉ ላይ ቅርፊት የያዘ ቁስል አለ። "የኔ ልጅ፣ አንዱ ቦታ ካንሰር ነው አሉኝ፤ ሌላው ቦታ ምንም የለም አሉኝ" አሉና ወረቀት ዘረጉልኝ። ወረቀቱ ላይ "ኔጌቲቭ" ይላል።

ሹክ የምላችሁ ነገር ይህ ነው። ያ "ኔጌቲቭ" ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቁስሉ መሀል ስለሚፋቅ ነው። መሀሉ መግልና የሞተ ሥጋ ነው። ተውሳኩ ያለው ጠርዙ ላይ፣ ቀላና ጠጠር ብሎ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ነው። እኔም ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ከመሀል ፍቄ "የለም" ብዬ የጻፍኩበት ጊዜ አለ፤ ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል።

የልጅቷን አፍንጫ አጸዳሁና ጠርዙን በሁለት ጣቴ ቆንጥጬ ያዝኩ፤ ደም እንዳይቀላቀልበት ነጭ እስኪሆን። በምላጭ ጫር አድርጌ ከውስጥ ፋቅኩ። ስላይድ ላይ ቀባሁት፣ ደረቀ፣ ሜታኖል ውስጥ ነከርኩት፣ ጊምሳ ቀለም አፈሰስኩበት። ከዚያ ዘይት ጠብ አድርጌ በሺህ እጥፍ አጉልቼ ፍለጋ ገባሁ። ፍለጋው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ውጭ ሰልፍ ካለ የሚጎድለውም እሱ ነው። በመጨረሻ አገኘኋቸው፦ ሞላላ፣ ጥቃቅን፣ በአንድ ትልቅ ሕዋስ ውስጥ የታጨቁ። እያንዳንዱ ውስጥ አንድ ክብ ሐምራዊ ነጥብ፣ ከጎኑም እንደ ጭረት ያለች ትንሽ በትር። ነጥቡንም በትሯንም አብረው ካላየሁ "ተውሳክ ነው" ብዬ አልፈርምም።

ተቃራኒውም አለ። ስሙን በማልጠቅሰው ቦታ አንድ አዛውንት ሳይመረመሩ የቁንጭር መርፌ ሲወጉ ከረሙ። ቁስሉ ሲነካ የሚደማ፣ ጠርዙም ደድሮ የተጠቀለለ ነበር። ኋላ ላይ ቁራጭ ሥጋ ተወስዶ ለፓቶሎጂ ሲላክ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። በተለይ አልቢኖ ለሆነ ሰው፣ ወይም ቁስሉ በድሮ የእሳት ጠባሳ ላይ የወጣ እንደሆነ፣ ባዮፕሲ ይወሰድልኝ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ሐኪም አይቀየማችሁም፤ ቢቀየምም ፊቱ የእናንተ ነው። ፊትን በሙሉ በእባጭ የሚሞላው የቁንጭር ዓይነት ደግሞ ከሥጋ ደዌ ጋር እስኪምታታ ድረስ ይመስለዋል። ብራይሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ስለዚሁ ከኢትዮጵያ ታካሚዎች ተነስቶ ጽፏል።

ሕክምናው አለ፤ ችግሩ ርቀቱ ነው። ትንሿ ቁንጭር በፈሳሽ ናይትሮጅን ቅዝቃዜ ትቃጠላለች፣ ወይም ጠርዟ ላይ መርፌ ትወጋለች። አንዳንዷ በጊዜ ብዛት ጠባሳ ጥላ በራሷም ትድናለች። አፍንጫና ከንፈር ውስጥ የገባውን ግን መጠበቅ አይቻልም። ስቲቦግሉኮኔት የተባለው መድኃኒት በየቀኑ፣ ብዙ ጊዜ ለ28 ቀን ይወጋል፤ ልብንም መከታተል ያስፈልጋል። ስለዚህ ታካሚዎቹን የምንልካቸው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ቦሩ ሜዳ ወይም አዲስ አበባ ወደ አለርት ሆስፒታል ነው። ሪፈር መጻፍ ለእኛ ሁለት ደቂቃ ነው። ለገበሬ ግን አንድ ወር ሙሉ ከእርሻ መቅረት፣ የአልጋ ኪራይ፣ ምናልባትም የአንድ በሬ ዋጋ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በአገራችን በዓመት ከ20,000 እስከ 50,000 ሰው ይታመማል። እዚህ መስኮት ድረስ የሚደርሰው ግን ጥቂቱ ነው።

ለእናትየው ካንሰር እንዳልሆነ ነገርኳቸው። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ልጅቷ "እኔም ልየው" አለችና ወንበር ላይ ቆማ ማይክሮስኮፑን አየች፤ ብዙ ቆየች። እናትየው ወረቀቱን እያጠፉ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

"ታናሿም ጉንጯ ላይ ትንሽ ነገር ጀምሯታል።"

"ነገ ይዘዋት ይምጡ" አልኳቸው። "ምንም እንዳይቀቧት።"