መሬቱ ለመለመ ማለት ጎተራው ሞላ ማለት አይደለም
በሐዋሳ ዙሪያ የፀደይ አገባብና የበልግ እርሻ

መጋቢት ሊገባደድ ሲል በሐዋሳ ከተማ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ሆኖ ወደ ፀሐይ መውጫ የሚመለከት ሰው፣ ከቀትር በኋላ በወንዶ ገነት ተራሮች አናት ላይ ደመና ሲከመር ያያል። ነፋስ አቧራውን ያስነሣል፤ ከባባድ ጠብታዎች በቆርቆሮው ላይ ይንኳኳሉ፤ እርጥብ አፈር ይሸታል። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ በየመንገዱ ዳር ሣሩ ይበቅላል፤ ጃካራንዳውም ሐምራዊ አበባውን በአስፋልቱ ላይ ያነጥፋል። ከተሜው «ፀደይ ገባ» ብሎ ይደሰታል።

በከተማው ዳርቻ ያለው ገበሬ ግን ለመደሰት አይቸኩልም። ዶማውን ይዞ ወደ ማሳው ይወርዳል፤ አንድ ስንዝር ያህል ይቆፍራል፤ አፈሩን በመዳፉ ጨብጦ ይመለከታል። ላዩ ርሶ ውስጡ ደረቅ ከሆነ ዘሩን ወደ ቤቱ መልሶ ይጠብቃል።

እንደሚታወቀው በሀገራችን የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅቶች ይከፈላል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ ወይም ሐጋይ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ፀደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ደግሞ ክረምት ነው። ብዙ ሰው አደይ አበባ የምትፈካበትን የመስከረምና የጥቅምት ወቅት ፀደይ እያለ ቢጠራም፣ በጥንቱ አቆጣጠር ያ ጊዜ መፀው ነው። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች በበኩላቸው ዓመቱን በሦስት ከፍለው ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን በልግ ይሉታል። ስለዚህ በሐዋሳና በአካባቢው ፀደይ ሲባል ከሁሉ በፊት የበልግ ዝናብ ማለት ነው።

የዝናቡ ምንጭ ሩቅ ነው። ፀሐይ በመጋቢት አጋማሽ የምድርን ወገብ ተሻግራ ወደ ሰሜን ስታዘነብል፣ የዝናቡ መቀነት አብሯት ይወጣል። በዚህን ጊዜ ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት የተሸከመ ነፋስ ወደ ደቡብና ምሥራቅ ኢትዮጵያ ይገባል። ነፋሱ ከስምጥ ሸለቆው ዳር ካሉት ከፍታዎች ጋር ሲጋጭ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደመናም ይሆናል። ውቅያኖሱ ከልማዱ ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ ግን ዝናቡ ይዘገያል፣ ይቆራረጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቀራል።

የወቅቱን መለወጥ የሚያስታውቁ ምልክቶች ብዙ ናቸው። በሲዳማ ሕዝብ ዘንድ አያንቶ የሚባሉት የሰማይ አዋቂዎች የከዋክብትንና የጨረቃን አካሄድ ተከታትለው የአዲሱን ዓመት የፊቼ ጫምባላላን ቀን ይወስናሉ። በዓሉ በሐዋሳ ጉዱማሌ ሜዳ በድምቀት ይከበራል፤ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የሚሰናዳው ቡሪሳሜም ለቤተሰብና ለጎረቤት ይቀርባል። ሽማግሌዎች በዚሁ ቀን ሕዝቡ በሥራ እንዲበረታና ነባር ዛፎችን ከመቁረጥ እንዲቆጠብ ይመክራሉ። ፊቼ ጫምባላላ በ2008 ዓ. ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ ወካይ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ሌላው ምልክት ቡናው ነው። በሲዳማ የቡና ቀበሌዎች በበጋ ተኝቶ የቆየው እምቡጥ የመጀመሪያው ጥሩ ዝናብ ሲያገኘው ይነቃል። ከስምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ቅርንጫፉ በነጭ አበባ ይሸፈናል፤ መዓዛውም መንደሩን ያውዳል። አበባው የሚቆየው ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ለረጅም ጊዜ ከጠፋ ፍሬው በሚገባ ሳይዝ ይረግፋል። ከጥቅምት ጀምሮ የሚለቀመው ቡና ዕድል በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ይወሰናል ማለት ነው።

የበቆሎው ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ጥንቃቄ ይሻል። በሐዋሳ ዙሪያ በቆሎ በበልግ ዝናብ ተዘርቶ በክረምቱ ዝናብ ያድጋል። ገበሬው በመጀመሪያው ዶፍ ተታሎ ቢዘራና ከዚያ በኋላ ሰማዩ ለሁለት ሳምንት ቢዘጋ፣ የበቀለው ቡቃያ ይጠወልጋል። ዘሩ ይጠፋል፣ የበሬው ድካምና የማዳበሪያው ዋጋም አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛ ዘር የሚገዛበት ገንዘብ ሁሉም ሰው የለውም።

በመሆኑም የአየር ጠባይ ባለሙያዎች የዝናብ መግባትን በአንድ ቀን ዶፍ አይለኩትም። ብዙ ጊዜ የሚሠሩበት መለኪያ በተከታታይ ሦስት ቀናት ውስጥ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ መዝነቡን፣ በቀጣዮቹ 30 ቀናትም ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን የሚዘልቅ ድርቀት አለመኖሩን ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ 10,000 ሊትር ውሃ ስለሆነ፣ 20 ሚሊ ሜትር ማለት 200,000 ሊትር ነው። በስንዝር ጉድጓድ የሚፈትነው ገበሬ በራሱ መንገድ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ መሬቱ በሚገባ ጠጥቷል ወይስ አፉን ብቻ አርሷል?

ይህ ጥያቄ የሞትና የሕይወት ጉዳይ መሆኑ በ2000 ዓ. ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት በሲዳማ፣ በወላይታ፣ በከምባታና በሐዲያ የበልጉ ዝናብ በጊዜው ሳይመጣ ቀረ። ከእህል መጨረስ እስከ አዲስ አዝመራ ያለውን ክፍተት የሚሸፍነው ስኳር ድንችም ተበላሸ። ዘግይቶ ዝናብ ሲጥል ሜዳውና ተራራው ለመለመ፤ ሕፃናት ግን በምግብ እጥረት ተጎድተው ወደ ሕክምና መስጫ ይወሰዱ ነበር። ሁኔታው «አረንጓዴ ረሃብ» ተባለ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ልምላሜውን አይቶ ችግር አለ ብሎ ሊያምን አልቻለም፤ የበቀለው ቅጠል እሸት እስኪሆን ወራት ይቀሩት ነበርና።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በልጉ በጊዜው ሲገባ ብዙ ምርት የሚሰጡትን፣ ዘግይተው የሚደርሱትን የበቆሎ ዝርያዎች መዝራት ያዋጣል። ዝናቡ ሲዘገይ ግን ቶሎ የሚደርስ ዝርያ መምረጥ ያስፈልጋል፤ በ1960ዎቹ ከሐዋሳ የምርምር ማሳ የወጣው «አ-511» በቆሎ ለዚህ ይጠቀሳል። ቦሎቄም ሦስት ወር ገደማ ብቻ ስለሚፈጅ ክፍተቱን ይሞላል። ከጓሮ የሚተከለው እንሰት ደግሞ ለመድረስ ዓመታት ቢፈጅም፣ አንዴ ሥር ከሰደደ አጭር ድርቅን ስለሚቋቋም የክፉ ቀን ስንቅ ነው። የእንሰት ችግኝ በበልጉ መግቢያ ከተተከለ ክረምቱን ጨምሮ ሁለት ዝናብ ያገኛል።

የመጀመሪያው ዝናብ ሌላም አደጋ አለው። መሬቱ በበጋ ተራቁቶ ስለሚቆይ፣ ጎርፉ ለም አፈሩን አጥቦ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ያወርደዋል። ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው የገባው ደለል እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የጎርፍ መቀልበሻ ቦዩን መጥረግና እርከኑን መጠገን ከደመናው በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው። ከ2009 ዓ. ም. ወዲህ በሀገራችን የታየው መጤ ተምችም ለጋ በቆሎን ስለሚያጠቃ፣ ቡቃያው ብቅ ካለበት ቀን አንሥቶ በየማለዳው ቅጠሉን እየገለጡ ማየት የግድ ሆኗል።

ጃካራንዳው አበባውን አራግፎ ሲጨርስ፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ደመና ከቀን ወደ ቀን እየወፈረ ይሄዳል። ከተሜው ጃንጥላውን ያነሣል። ገበሬውም እንደገና ወደ ማሳው ወርዶ አንድ ስንዝር ይቆፍራል። በመዳፉ የጨበጠው አፈር ሳይበተን እንደ ሊጥ ሲያያዝለት፣ ያን ጊዜ በሬዎቹን ይጠምዳል። ለእርሱ ፀደይ የገባው ያን ዕለት ነው።