ስለ ጸሎተ አኰቴት፤ የቤይሩት እኅቶቻችንን በማሰብ

አእኰተ ማለት አመሰገነ ማለት ነው፤ አኰቴትም ምስጋና ነው። የቅዳሴያችን ክፍል አኰቴተ ቍርባን መባሉ ከዚሁ የተነሣ ነው። የቅዱስ ባስልዮስን ጸሎተ አኰቴት ግን በቃላችን ስለምናውቀው፥ ስለ ምን እንደሚያመሰግን ሳናስተውል በችኰላ እናልፈዋለን። ስለ ሀብትና ስለ ሹመት አያነሣም። እግዚአብሔር ስለ ሰወረን፥ ስለ ረዳን፥ ስለ ጠበቀን፥ እስከዚህችም ሰዓት ስላደረሰን ያመሰግናል።

«እስከዚህች ሰዓት መድረስ» ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማወቅ የቤይሩትን ነገር መመልከት ይጠቅማል። በዚያች ከተማና በዙሪያዋ ብዙ ኢትዮጵያውያት በቤት ሠራተኝነት ይኖራሉ። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋው በወደቀ ጊዜ፥ አንዳንድ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል ተስኗቸው ወይም ጠልተው፥ ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በከተማዋ ዳርቻ ባለችው በሐዝሚዬ በቆንስላችን ደጅ ጥለዋቸው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ሐምሌ 28 ቀን፥ በምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል፥ በወደቡ መጋዘን ለዓመታት ተከማችቶ የኖረ 2,750 ቶን ያህል አሞኒየም ናይትሬት ፈንድቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከሙታኑም መካከል ከሌላ አገር የመጡ ሠራተኞች ነበሩ።

ከዚያች ምሽት የተረፈች እኅት «ተመስገን» ብትል መልካም ትላለች። ነገር ግን ጎረቤቷ ስትሞት እርስዋ የተሻለች ሆና እንደ ተመረጠች ብታስብ፥ ምስጋናዋ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 እንደ ተጻፈው እንደ ፈሪሳዊው ምስጋና ይሆንባታል። እርሱ ያመሰገነው ራሱን ከሌላው እየለየ ነውና።

ከዚህ ይልቅ የሚከፋ የሚመስለኝ ስሕተት ግን ከእኛ ዘንድ የሚመጣው ነው። ነገ የንስሐ አባት ስንሆን፥ ደመወዟ የቀረባት፥ ፓስፖርቷንም በዚያ «ማዳም» የምትባለው አሠሪዋ የያዘችባት ልጅ በፊታችን ትቀርባለች። እኛም «እንጀራ ካገኘሽ አመስግኚና ዝም በዪ» እንላት ይሆናል። በሊባኖስ ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዪቱ የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር የ1946 የሥራ ሕግም የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። ይህ የሰው ሥራ ነው፤ ለእግዚአብሔር ቸርነት ሊቈጠር አይገባም።

«ጸሎቱ ስለ ሁሉ ያመሰግን የለምን?» የሚል ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ወረድ ብሎ ያለውን ያንብብ። ያው ጸሎት ፈተናን ሁሉ፥ ቅንዓትን ሁሉ፥ የክፉዎችንም ሰዎች ምክር ከእኛ እንዲያርቅልን ይለምናል። ስለ ክፉው ነገር እያመሰገነ ያንኑ አርቅልን ሊል አይችልም። ምስጋናው ለጠባቂው ነው፤ ልመናውም በክፉው ላይ ነው። ሁለቱም በአንድ ጸሎት፥ በአንድ ትንፋሽ ይነገራሉ።

ስለዚህ ነገር በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ያለውን ታሪክ ደጋግሜ አነባለሁ። ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ተገርፈው፥ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፥ በመንፈቀ ሌሊት እግዚአብሔርን ያመሰግኑ ነበር። በነጋ ጊዜ ሹማምንቱ በቀስታ እንዲለቀቁ ላኩባቸው። ጳውሎስ ግን የሮም ሰዎች ሲሆኑ ያለ ፍርድ በሕዝብ ፊት መገረፋቸውን ተናግሮ፥ ሹማምንቱ ራሳቸው መጥተው ካላወጧቸው አንወጣም አለ። ፈርተውም መጡ፥ ለመኗቸውም። ከወኅኒው ወጥተው ወደ ልድያ ቤት ገቡ፤ በዚያም ወንድሞችን አይተው አጽናኑአቸው።