የአውቶብስ ቻርጅ ለምን አይሞላም?

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ስልኩን ወንበሩ አጠገብ ባለው የዩኤስቢ ሶኬት ይሰካል። ከሰዓታት በኋላ ሲያየው ባትሪው ብዙም አልጨመረም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ቀንሷል። ብዙዎች ስልካቸውን ይጠረጥራሉ። ጉዳዩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የገቢና የወጪ ሂሳብ ነው።

ገቢውን እንይ። የትልልቅ አውቶብሶች ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ነው። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ያመነጨዋል፤ ሶኬቱ ውስጥ ያለው መቀነሻ ደግሞ ወደ 5 ቮልት ያወርደዋል። ቆየት ያለው የዩኤስቢ ደረጃ ለአንድ ሶኬት የሚፈቅደው ግማሽ አምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ብቻ ነው። ባለ 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ የሚይዘው ወደ 19 ዋት ሰዓት ስለሆነ፣ ስልኩ ጠፍቶ እንኳ ከባዶ ለመሙላት ከ7 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈልጋል። ቀጭን ወይም ያረጀ ገመድ ደግሞ ወደ ስልኩ የሚደርሰውን ኃይል ይበልጥ ይቀንሳል።

ወጪው በመንገድ ላይ ይበረታል። ስክሪኑ ደምቆ ቪዲዮ የሚያሳይ ስልክ ሶኬቱ ከሚሰጠው ጋር የሚቀራረብ ኃይል ይበላል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ድረስ እንዳለው ባለ ገደላማ መንገድ ኔትወርክ ሲደክም፣ ስልኩ ማማውን ለማግኘት የሚልከውን ምልክት ያጠነክራል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ሙቀቱም ሌላ ችግር ነው። ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሞቆ ቻርጅ ሲደረግ ስለሚጎዳ፣ መስኮት ዳር ፀሐይ ያገኘው ስልክ ራሱን ለመጠበቅ ቻርጁን ያዘገያል ወይም ያቆማል።

ስለዚህ ዋናው መፍትሔ ወጪውን መቀነስ ነው። ስልኩን ቤት ሞልቶ መውጣት፣ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ማድረግ፣ ኔትወርክ በሌለበት ወደ አውሮፕላን ሞድ መቀየር፣ ከፀሐይ ማራቅ። ባለ 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ፓወር ባንክም የሚባክነው ተቀንሶ ባለ 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ስልክን አንድ ጊዜ ሞልቶ ጥቂት ይተርፈዋል። የዩኤስቢ ገመድ መረጃም ያስተላልፋልና፣ ስልኩ የመረጃ ፈቃድ ከጠየቀ እምቢ ማለት ይገባል።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ስልክ ለብዙ መንገደኛ የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። በማያውቀው ከተማ በምሽት የወረደ ሰው ባትሪው አልቆ ስልኩ ከጠፋ ለባጃጅ መክፈልም፣ ዘመድ መጥራትም ሊያቅተው ይችላል። የአውቶብስ ባለንብረቶች ሆይ፣ ሶኬት ስታስገጥሙ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ስንት አምፔር እንደሚሰጥም ጠይቁ። 2 አምፔር የሚሰጥ ሶኬት የመንገደኛውን ስልክ በተሻለ ፍጥነት ይሞላል።