ሣሩ ለምን ቀላ? የቀለም ጥልቀትና የድሮ ጌም

ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለችው ወናጎ፣ አንድ ተማሪ ዊንዶውስ 7 በተጫነበት ያገለገለ ኮምፒውተር ላይ በፍላሽ የመጣለትን «ኤጅ ኦቭ ኤምፓየርስ 2» ከፈተ እንበል። ጌሙ ይነሣል፣ ድምፁም ይሰማል፤ ሣሩ ግን ቀይ፣ ውኃው ሐምራዊ ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስክሪኑ ነው፤ ቀጥሎ ኬብሉ ይነቀነቃል። ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። ነገሩ ያለው የቀለም ጥልቀት በሚባለው ሴቲንግ ዙሪያ ነው።

የቀለም ጥልቀት ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዷ የስክሪን ነጥብ ቀለም ስንት ቢት እንደሚመድብ የሚወስን ቁጥር ነው። 8 ቢት 256 ቀለም ይሰጣል፤ 16 ቢት 65,536፤ 24 ቢት 16,777,216። ሜኑው ላይ የሚታየው 32 ቢት ብዙ ሰው እንደሚገምተው ተጨማሪ ቀለም የለውም፤ 24ቱ ለቀለም ናቸው፣ የቀሩት 8 ወይ የግልጽነትን መጠን ይይዛሉ ወይ ለአሠራር ምቾት ባዶ ቦታ ይሞላሉ።

16 ቢት ሲከፋፈል ለቀይ 5፣ ለሰማያዊ 5፣ ለአረንጓዴ 6 ይደርሳል። አረንጓዴ አንድ ቢት የተጨመረለት የሰው ዓይን በአረንጓዴ ላይ ትንሽ ልዩነት እንኳ ስለሚለይ ነው። እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፍ ተደራርበው የሚበቅሉበትን፣ ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበውን የጌዴኦን መልክዓ ምድር ፎቶ በዊንዶውስ 7 ዴስክቶፕ ላይ አድርጎ ጥልቀቱን ወደ 16 ማውረድ ነው ልዩነቱን ለማየት። 64 እርከን ያለው አረንጓዴ ብዙም አይጎዳም፤ ቀስ እያለ መፍዛት የነበረበት ሰማይ ግን ቁርጥ ቁርጥ ያለ መስመር ያወጣል። ጌም ውስጥም ጭስ፣ ጉምና የምሽት ሰማይ ላይ የሚታየው መስመር ይኸው ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ዝቅ ያደርገው ነበር? ለፍጥነት ነው። 1024 በ768 የሆነ ስክሪን 786,432 ነጥብ አለው፤ በ16 ቢት 1.5 ሜጋባይት፣ በ32 ቢት 3 ሜጋባይት ይፈልጋል። ይህ እንግዲህ ለአንድ ምስል ብቻ ነው፤ በሰከንድ 60 ምስል ሲሆን 90 እና 180 ሜጋባይት ይደርሳል፣ ጌሙ ያንኑ ነጥብ ደጋግሞ መቀባቱ ሳይቆጠር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ይህ ከባድ ሸክም ነበር። በ1999 የወጣው የቩዱ 3 ግራፊክስ ካርድ ባለሦስት ገጽታ ጌሞችን በ16 ቢት ብቻ ነበር የሚስለው፤ የዚያው ዓመት «ክዌክ 3» ደግሞ ከ16 እና ከ32 አንዱን ያስመርጥ ነበር። «ከለሩን ቀንሰው፣ ይፈጥናል» የሚለው ምክር የዚያ ዘመን ልጅ ነው። አሁን ጊዜው አልፎበታል፤ የዛሬ ጌም ምስሉን በራሱ ጥልቀት ስለሚስል የዴስክቶፑን ሴቲንግ ከቁብ አይቆጥረውም። ጌም ከተንቀራፈፈ የሚቀነሰው ሬዞሉሽኑና ጥላው ነው።

በመስኮት የሚከፈቱ የድሮ ጌሞች ግን ከዴስክቶፑ ጋር አንድ ስክሪን ስለሚጋሩ ጥልቀቱንም መጋራት አለባቸው። ለዚህ ነው አንዳንዶቹ «ስክሪኑን ወደ 256 ቀለም ቀይር» ብለው እምቢ የሚሉት።

ወደ ቀዩ ሣር ስንመጣ፣ በ8 ቢት ጌም ውስጥ ነጥቧ ቀለም አትይዝም። የምትይዘው ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የትኛው ቀለም እንደሆነ የሚናገረው ፓሌት የሚባል ሰንጠረዥ ነው። በቡና መጋዘን ከረጢቱ ላይ ቁጥር ብቻ ተጽፎ ባለቤቱ በመዝገብ እንደሚታወቀው መሆኑ ነው፤ መዝገቡን የነካ ሰው ከረጢቱን ሳያንቀሳቅስ ባለቤቱን ይቀይረዋል። የጌም ሠሪዎች ይህንኑ ለጥበብ ተጠቅመውበታል፦ የሰንጠረዡን ጥቂት መስመሮች በማሽከርከር ብቻ፣ አንዲት ነጥብ እንደገና ሳይስሉ ውኃ የሚፈስ ያስመስሉ ነበር። በዚያ ደካማ ማሽን ላይ ይህን ማሰባቸው እኔን ዛሬም ያስደንቀኛል።

ችግሩ ሰንጠረዡ አንድ መሆኑ ነው። ዊንዶውስ በ256 ቀለም ሲሠራ 20 መስመር ለራሱ ቁልፎችና መስኮቶች ያስቀራል። ሙሉ ስክሪን የያዘ ጌም ሁሉንም ለራሱ ይጠይቃል፤ በዊንዶውስ ቪስታና 7 ላይ ግን ዴስክቶፑን የሚያሳየው ኤክስፕሎረር ከኋላ ሆኖ መስመሮቹን መልሶ ይጽፍበታል። የሣሩ ቁጥር እንዳለ ነው፤ ቁጥሩ የሚያመለክተው ቀለም ግን ተለውጧል።

መላው ቀላል ነው። ዊንዶውስ 8 እና ከዚያ በኋላ ባሉት፣ የጌሙን ፋይል በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ኮምፓቲቢሊቲ» ገብቶ ባለ 8 ቢቱን ወይም ባለ 16 ቢቱን የቀለም ሁነታ መምረጥ ነው፤ ለውጡ የሚነካው ያንን ጌም ብቻ ነው። በዊንዶውስ 7 ላይ ደግሞ ጌሙ ከመከፈቱ በፊት ኤክስፕሎረርን ከ«ታስክ ማናጀር» መዝጋት ነው። ታስክ ባሩና አይከኖቹ ሲጠፉ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ጌሙ ሲያበቃ ከዚያው ከ«ታስክ ማናጀር» «ኒው ታስክ» ከፍቶ explorer ብሎ መጻፍ ነው፣ ሁሉም ይመለሳል።