ከሆለታ ገነት እስከ ሀገረ ሕይወት፤ ስለ አንድ ቀን የዕረፍት ጉዞ

ሥራ ለሰው ልጅ የታዘዘ እንደ ሆነ ሁሉ ዕረፍትም የታዘዘ ነው። ፈጣሪ ሰማይንና ምድርን በስድስት ቀን ፈጥሮ በሰባተኛው ማረፉን የኦሪት መጽሐፍ ያስተምራል፤ ጌታም ደቀ መዛሙርቱ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ለመብል እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ይዟቸው እንደ ሄደ በወንጌል ተጽፏል። ይሁን እንጂ ዕረፍት ማለት ሥራ መፍታት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በወረቀት ላይ ሲያጎነብስ የሰነበተ ባለ ሥልጣን ቅዳሜ በደረሰ ጊዜ ወይ እስከ ረፋድ ይተኛል፥ ወይ ካንዱ መሸታ ቤት ወደ ሌላው ሲዞር ይውላል፤ ሰኞ ጧት ወደ ቢሮው የሚመለሰውም ዓርብ ከወጣበት ይልቅ ደክሞ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ወጥቶ በሆለታ፥ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ አምቦ የሚደርሰው መንገድ ከ110 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ማልዶ በአውቶሞቢል የተነሣ ሰው ደርሶ፥ አይቶ፥ ምሳውንም በልቶ በዚያው ቀን ሊመለስ ይችላል። በዚህ መንገድ ያልሄደ ባለ ሥልጣን ጥቂት ነው፤ መንገዱን ያወቀው ግን ከዚያም ያነሰ ነው። ለስብሰባ ወደ አምቦ የታዘዘ ሰው ውሎ አበሉን ተቀብሎ ይሄዳል፥ በአዳራሽ ውስጥ ሁለት ቀን ይቀመጣል፥ በጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን የአምቦ ውሃ ይጠጣል፥ ውሃው ከየት እንደሚፈልቅ ሳይጠይቅም ይመለሳል። ስለ ከተማይቱ ቢጠየቅ የሚያስታውሰው የአዳራሹን ወንበር ነው።

የእነዚህ ከተሞች ስም ራሱ ልብ ላለው ሰው ትምህርት ነው። ሆለታ፥ ሆለታ ገነት ተብላለች፤ እጀሬ፥ አዲስ ዓለም ተብላለች፤ አምቦ ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። በገነት ጀምሮ በአዲስ ዓለም አልፎ ሀገረ ሕይወት መድረስ ለትርጓሜ መምህር የሚመች ነገር ነው። ነገር ግን ሕዝቡ በየአፉ የለመደውን ስም በቀላሉ አይተውምና ሀገረ ሕይወት የሚለው ከመዝገብና ከሽማግሌዎች ንግግር በቀር እምብዛም አይሰማም፤ አምቦ የሚለው ግን በጠርሙስ ላይ ተጽፎ ባሕር ይሻገራል።

ሆለታ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ደጋ ናት። ከጣሊያን ወረራ በፊት በ1927 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተባት ስትሆን፥ አስተማሪዎቹ የስዊድን መኮንኖች፥ አለቃቸውም ካፒቴን ቪኪንግ ታም ነበሩ። ወጣቶቹ ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ ጠላት ደረሰባቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ወደ ወለጋ ወርደው በጥቁር አንበሳ ማኅበር ውስጥ ተዋጉ። ዛሬ ከተማይቱ በእርሻ ምርምር ጣቢያዋ ታውቃለች፤ የገብሱ፥ የስንዴው፥ የድንቹና የወተት ላሙ ነገር በዚያ ይመረመራል፥ ንብም የሚጠናበት ቤት አለ። መንገደኛው ግን ጉዞው ገና ስለ ሆነ በዚህ ብዙ ባይቆይ ይሻላል።

መቆየት የሚገባው በአዲስ ዓለም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዋና ከተማቸውን ከአዲስ አበባ አንሥተው ወደዚህ ኮረብታ ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ምክንያቱ ሌላ ሳይሆን እንጨት ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ በበዛ መጠን በዙሪያው ያለው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አልቆ ነበርና፥ እንጨት ባለቀ ጊዜ ሠፈር መንቀል ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የነገሥታቱ ልማድ ነበር። ስለዚህ በኮረብታው ላይ የቤተ መንግሥት ሥራ ተጀመረ፥ መንገድም ተቀደደ። በመካከሉ ግን ከአውስትራልያ ምድር የተገኘው ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ ተተክሎ ፈጥኖ አደገ፤ ከተማይቱም ከመነቀል ዳነች። ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ሕንፃ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተለውጦ ርእሰ አድባራት ደብረ ጽዮን ማርያም ተባለ።

በእውነቱ ይህን የመሰለ ነገር በሌላ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። ለምድራዊ ንጉሥ የተጀመረው ቤት ለሰማያዊት ንግሥት ሆነ። ካህን የሆነ ጎብኚ በዚህ ደስ ሲለው፥ ባለ ሥልጣን የሆነው ደግሞ ሌላውን ነገር ሊያስብ ይችላል፤ ይኸውም የአንድ መንግሥት መቀመጫ የት እንደሚሆን የቆረጠው የመኳንንት ምክር ሳይሆን አንድ ዛፍ መሆኑን ነው። ባሕር ዛፉ ዛሬ ውሃ ይጠጣል፥ መሬት ያደርቃል ተብሎ ይወቀሳል። ወቀሳው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን በዚያን ዘመን እርሱ ባይመጣ ኖሮ የዛሬው ወቃሽ ጽሑፉን የሚጽፈው አዲስ ዓለም ተቀምጦ ይሆን ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የቆየ ንዋየ ቅድሳትና የነገሥታት ስጦታ የተቀመጠበት ዕቃ ቤት ይገኛል፤ ለማየት የሚሻ ሰው ከቅዳሴ በኋላ አስተዳዳሪውን በትሕትና ቢጠይቅ መልካም ነው። ኅዳር 21 ቀን ደርሶ በጽዮን ማርያም በዓል ላይ የተገኘ እንደ ሆነም ስፍራውን ከሕዝቡ ጋራ አብሮ ያየዋል።

ከአዲስ ዓለም አልፎ የጤፍና የስንዴ ማሳ በግራና በቀኝ እየታየ ጊንጪ ይደረሳል። ይህ አገር በአምስቱ ዓመት የመከራ ዘመን የጃገማ ኬሎ የጦር ሜዳ ነበር። ጃገማ በ1913 ዓ.ም. በዚሁ በደንዲ አገር ተወልደው ገና በ15 ዓመታቸው ለአርበኝነት ዱር ገቡ፤ የበጋው መብረቅ የሚል ቅጽል ስምም ወጣላቸው። በኋላ እስከ ሌተና ጄኔራልነት ደርሰው በ2009 ዓ.ም. አረፉ። መንገደኛው በመስኮቱ የሚያየው ጸጥ ያለ ማሳ ያን ጊዜ ምን እንደ ነበረ ለልጆቹ ቢነግራቸው መንገዱ ያጥርላቸዋል።

ከጊንጪ በስተ ሰሜን የጭሊሞ ደን አለ። ጽድ፥ ዝግባና ወይራ ያለበት፥ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚዘልበት፥ ከጥንቱ የሸዋ ደን የተረፈ ቁራጭ ነው። በኢትዮጵያ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ደንን ከመንግሥት ጋራ በአንድነት የሚጠብቁበት ሥርዓት መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው። በኅዳር ወር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ የተነሣውና በኋላ ኦሮሚያን ሁሉ ያዳረሰው ተቃውሞ መነሻው የትምህርት ቤት ሜዳና ይህ ደን ለባለ ሀብት ሊሰጥ ነው መባሉ እንደ ነበረ በጊዜው ተነግሯል። እንግዲህ በዝግባው ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ምሳ የሚበላ የከተማ ሰው፥ የተቀመጠበት ጥላ ለአካባቢው ልጆች ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ ቢያውቅ አጥንትና ላስቲክ ጥሎ ለመነሣት እጁ አይፈታም።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው ነገር አለ። የአዋሽ ወንዝ መነሻ በዚሁ በደንዲ አገር ነው። ከዚህ የሚነሣው ውሃ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ቆቃን ሞልቶ፥ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ አጠጥቶ፥ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ከጊንጪ ጥቂት ወደ ምዕራብ ፈቀቅ ሲባል ግን ዝናሙ ሌላ መንገድ ይይዛል፤ በሁሉቃና በጉደር ወርዶ ዓባይን ተቀላቅሎ ግብጽ ይደርሳል። በአንድ ጋራ ግራና ቀኝ የወደቁ ሁለት ጠብታዎች አንዱ በአፋር አሸዋ፥ ሌላው በሜዲትራኒያን ባሕር ይጨርሳሉ። በዚህ የውሃ መለያ ላይ ይህን የሚናገር አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ቢቆም ወጪው ከአንድ ስብሰባ የሻይ ሒሳብ አይበልጥም፤ የሚያስተምረው ግን ብዙ ነው።

አምቦ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ፥ አየርዋ ለሰውነት የሚስማማ፥ የሁሉቃ ወንዝ የሚያቋርጣት ከተማ ናት። ስሟን ያስጠራው ውሃዋ ነው። በስተ ደቡብ ያሉት ወንጪና ደንዲ የተባሉት ተራሮች በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ነበሩ፤ እሳቱ ቢበርድም በጥልቁ ያለው ሙቀት አልጠፋም። በተራራው ላይ የዘነበው ዝናም በድንጋዩ ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፥ በዚያም ይሞቃል፥ የድንጋዩን ማዕድን ያሟሟል፥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውንም አየር በግፊት ተሸክሞ ይወጣል። ጠርሙሱ ሲከፈት የሚፍለቀለቀው ይኸው ከምድር በታች የታሰረ አየር ነው። ውሃው በጠርሙስ እየታሸገ መሸጥ የጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1930 ሲሆን፥ ማሸጊያው ከከተማው ወጣ ብሎ በሰንቀሌ ይገኛል። ቅባት የበዛበት ምግብ ያወከው ሰው ሁሉ ይህን ውሃ ይሻዋል፤ በዓለ ፋሲካ በዋለ ማግስት ፈላጊው እንደሚበዛ የሱቅ ነጋዴ የሆነ ሁሉ ያውቃል።

በከተማይቱ ውስጥም ለረጅም ዘመን የታወቀ የፍል ውሃ መዋኛ አለ። እዚህ ላይ ካህናት ለሕዝቡ ሊያስረዱት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ፍል ውሃ በባሕርዩ የሚሞቅና ማዕድን ያለበት ውሃ ነው፤ ጠበል ግን በጸሎትና በቡራኬ የሚቀደስ ነው። ሁለቱን ደባልቆ ፍል ውሃውን እንደ ጠበል የሚቆጥር፥ ወይም ገላው የቆሰለ ሆኖ ሐኪም ሳይጠይቅ በብዙ ሰው መካከል የሚነከር ራሱንም ሌላውንም ይጎዳል። መታጠብ የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ በንጹሕ ውሃ ሰውነቱን ለቅልቆ ቢገባ ለባልንጀራው አክብሮት ነው።

ከውሃው ሌላ አምቦ የትምህርት አገር ናት። በ1939 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ትምህርት ቤት አድጎ ዛሬ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በ1928 ዓ.ም. የተወለደው ከዚሁ ከአምቦ አጠገብ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. በባዕድ አገር ቢሞትም ዐፅሙ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፏል። ቅዳሜ የደረሰ እንግዳ ወደ ገበያው ቢወጣ ከየገጠሩ የመጣውን እህል፥ ቅቤ፥ ማርና ሰፌድ ያያል። ጾም ያልሆነ እንደ ሆነ ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የተለወሰውን ጭኮ መቅመስ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ የሄደ ግን በሽሮው ይታገሥ። ዋጋ ሲጠይቅም ከገጠር ሴት ጋራ ስለ ጥቂት ሳንቲም ባይከራከር ለክብሩ ይበጃል።

ጊዜ የተረፈው ሰው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ቢገፋ ጉደርን ያገኛል፤ ወይን ጠጅ በስሙ የተጠራለት ወንዝ በፏፏቴ ሲወርድ የሚታየው በዚህ ነው፥ ክረምቱ እንደ ወጣ በመስከረም በተለይ ያምራል። ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ ደግሞ ወደ ወንጪ ያደርሳል። ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ይህ ተራራ በሆዱ ሐይቅ ታቅፏል፤ በሐይቁም ደሴት ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የጎብኚ መንደሮች መካከል ቆጥሯታል፥ በ2016 ዓ.ም.ም አዲስ የእንግዳ ማረፊያ ተመርቆባታል። ነገር ግን ወንጪንና አምቦን በአንድ ቀን ልጨርስ የሚል ሰው ሁለቱንም ሳያይ ይመለሳልና ለወንጪ ሌላ ቀን ይመደብለት።

የከተሞቹ አስተዳዳሪዎችም ድርሻ አለባቸው። እንግዳ የሚፈልገው ብዙ አይደለም፤ ንጹሕ መጸዳጃ፥ መንገድ የሚያመለክት ሰሌዳ፥ የአገሩን ታሪክ አስተካክሎ የሚነግር አንድ የተማረ ወጣት ይበቃዋል። ሥራ አጥቶ በአውቶቡስ መናኸሪያ የሚውለው የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ በዚህ እንጀራ ሊያገኝ ይችላል። መሥሪያ ቤቶችም ለስብሰባ ሰው በላኩ ጊዜ ግማሽ ቀን ጨምረው አገሩን እንዲያይ ቢያዝዙ ገንዘቡ በከንቱ አይጠፋም።

ሊሸሸግ የማይገባው ነገር፥ በቅርብ ዓመታት በምዕራብ ሸዋ በልዩ ልዩ ወረዳዎች የደረሰው የትጥቅ ግጭት መንገደኛውን አስፈርቶታል፤ ከመንገደኛው ይልቅ ግን የተጎዳው በዚያው የሚኖረው ገበሬና ነጋዴ ነው። ስለዚህ ለመሄድ ያሰበ ሰው ከመነሣቱ አስቀድሞ የመንገዱን ሁኔታ በስፍራው ካሉ ሰዎች ይጠይቅ፥ ጉዞውንም በብርሃን ብቻ ያድርግ። ከአምቦ ከ9 ሰዓት በፊት የተነሣ ሰው ሆለታ ደርሶ ለቤቱ ወተት ለመግዛት የሚበቃ ፀሐይ ይተርፈዋል።