ብሩሹ ከመነከሩ በፊት

በኢሉባቦር፣ መቱ፣ ጎሬ፣ ሁሩሙ ወይም ያዮ ውስጥ አንድ ወጥ ቤት ገብቶ የቁም ሣጥኑን በር የላይኛውን ጠርዝ በጣቱ የዳሰሰ ሰው፣ ጣቱ ላይ ቡናማና የሚያጣብቅ ነገር ይቀርበታል። አቧራ ብቻ አይደለም። ሽንኩርት ሲቁላላ በእንፋሎት የተነሣ ዘይት፣ ቅቤ ሲነጠር የበነነ ቅባት፣ የማገዶ ጥቀርሻና የአካባቢው እርጥበት ለዓመታት ተደራርበው የሠሩት ልባስ ነው። በዚህ ላይ የተቀባ ቀለም የያዘው እንጨቱን ሳይሆን ቅባቱን ነው። ስለዚህ ጥቂት ወራት ቆይቶ በእጀታው ዙሪያና በመሳቢያው አፍ መላላጥ ይጀምራል፤ ባለቤቱም ቀለሙ መጥፎ ነበር ብሎ ሻጩን ይወቅሳል።

የወጥ ቤት ቁም ሣጥንን በገዛ እጅ ማደስ ማንም ጠንቃቃ ሰው ሊሠራው የሚችል ሙያ ነው። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ካቻቪቴ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ስቱኮ፣ ጥሩ ብሩሽ፣ ሳሙናና ጨርቅ ይበቃሉ። የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው፤ ሥራው በአብዛኛው የሚያልቀው ብሩሹ ቀለም ውስጥ ከመነከሩ በፊት ነውና። በኢሉባቦር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ወቅቱን ማወቅ።

መጀመሪያ ግን ዕቃው ከምን እንደተሠራ ይታወቅ። በአካባቢው የቆዩ ቁም ሣጥኖችና ቡፌዎች ዘንድ ቀረሮና ዋንዛ የተለመዱ ናቸው። ቀረሮ በኢሉባቦርና በከፋ ተራራማ ደኖች ከሌላው ዛፍ በላይ ራሱን ብቅ አድርጎ የሚታይ፣ ቁመቱ ከ40 ሜትር ሊያልፍ የሚችል ዛፍ ነው። እንጨቱ ፈዘዝ ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ ለመላጊያም ለቀለምም የሚመች ነው። አዲሶቹ የወጥ ቤት ካቢኔቶች ግን በብዛት ከኤምዲኤፍ ወይም ከቺፕውድ የሚሠሩ ናቸው፤ ጣውላውም 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጭኖ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ቀረሮ ከሆነ ይቀባ። ኤምዲኤፍ ከሆነ ይቀባ፤ ጠርዙ ውሃ ጠጥቶ እንደ ዳቦ ያበጠ ከሆነ ግን ቀለም አያድነውም፤ ያን በር አናጢ ይቀይረው።

ዋንዛን በተመለከተ አቋሜ ጽኑ ነው፤ ዋንዛ ላይ ሽፋን ቀለም አይቀባ። በአካባቢው ወደሳ የሚባለው ይህ ዛፍ የሚሰጠው ሞቅ ያለ ቡናማ እንጨትና የሚታየው ዥንጉርጉር መስመሩ በነጭ ዘይት ቀለም ሥር የሚቀበር ነገር አይደለም። የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጥበቃ ያስፈለገው ዛፎቹ እየተመናመኑ ስለሆነ ነው። ከዚሁ ከኢሉባቦር የያዮ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። እንግዲህ ቤት ውስጥ ያለ አሮጌ የዋንዛ ቁም ሣጥን ምትኩ በቀላሉ የማይገኝ ንብረት ነው። ይታጠብ፣ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ በግልጽ ቫርኒሽ ይሸፈን፤ በቂው ነው።

ወደ እጥበቱ እንመለስ። በሮቹና መሳቢያዎቹ ይነቀሉ፤ እጀታውና ማጠፊያውም ይፈታ። በያንዳንዱ በር ማጠፊያ ቦታ ላይ በእርሳስ ቁጥር ይጻፍበትና በአካሉም ላይ ያው ቁጥር ይደገም፤ ምክንያቱም በእጅ የተሠሩ በሮች አንድ ዓይነት ቢመስሉም የአንዱ ቦታ ለሌላው ልክ አይመጣም። ብሎኖቹ በአሮጌ ጣሳ ይጠራቀሙ። ከዚያ ሙቅ ውሃ ከፈሳሽ ሳሙና ወይም ከልብስ ሳሙና ዱቄት ጋር ይበጥበጥና ጨርቅ ነክሮ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ መፈተግ ነው። ውሃው ወዲያው ይጠቁራል፤ ይቀየር። በእጀታው ዙሪያና ከምድጃው በላይ ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዙር ይፈልጋል። ከዚያ ሳሙናው በንጹሕ ውሃ በተጨመቀ ጨርቅ ይጠረግ፤ የሳሙና ቅሪትም ቀለም እንዳይይዝ ያደርጋል።

ንጹሕ መሆኑ የሚታወቀው በዓይን አይደለም። በጣት ጥቂት ውሃ በበሩ ላይ ይረጭ። ውሃው እየተንከባለለ ድቡልቡል ጠብታ ከሠራ ቅባቱ አለ፤ እጥበቱ ይደገም። ተዘርግቶ ከያዘ ግን ወደ መፋቅ መሄድ ይቻላል። ይህ ፈተና ግማሽ ደቂቃ አይወስድም፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱኑ ነው።

ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት ነው። የተላላጠውን አሮጌ ቀለም ለማስተካከል 120 ቁጥር፣ ለማለስለሻ 180 ወይም 220። አሮጌውን ቀለም እስከ እንጨቱ ድረስ ማንሣት አያስፈልግም፤ የላላው ይውደቅ፣ የያዘው ገጹ ይደብዝዝ፣ በአዲሱና በአሮጌው መካከል በጣት የሚዳሰስ ደረጃ አይቅር። ስንጥቅና የብሎን ቀዳዳ በስቱኮ ይደፈን፤ ሲደርቅ እንደገና ይፈተግ።

እዚህ ላይ ስለ ጤና አንድ ከባድ ነገር አለ። ለብዙ ዘመን በዘይት ቀለሞች ውስጥ ለማድመቂያና ለማድረቂያ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ይገባ ነበር። በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለው የሊድ መጠን ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም በአንድ ኪሎ ቀለም ከ90 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429/2010 ወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባ ቁም ሣጥን ግን ምን እንደያዘ በዓይን አይለይም። አደጋው ቀለሙ ግድግዳና በር ላይ ተቀምጦ ሳለ ሳይሆን ተፍቆ ዱቄት ሲሆን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ጉዳት የለውም የሚባል የሊድ መጠን እንደሌለ ያስረዳል፤ በአእምሮ እድገታቸው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። ስለዚህ አሮጌ ቀለም በደረቁ አይፈተግ፤ ውሃ የሚችለውን ጥቁሩን ብርጭቆ ወረቀት ነክሮ በእርጥቡ መፈተግ ነው። በሮቹ ወደ ውጭ ይውጡ፤ ከሥራቸው ፕላስቲክ ይነጠፍ፤ ሕፃናትና እርጉዝ ሴት ይራቁ፤ ዝቃጩ ተጠርጎ በፌስታል ይታሰር እንጂ ጓሮ ጎመኑ ላይ አይደፋ። አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ከምግብ በፊት እጅን በደንብ መታጠብም ግድ ነው።

አሁን ወደ ወቅቱ ልምጣ፤ የኢሉባቦር ሰው ከሌላው አገር የሚለየው በዚህ ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ሲያገኝ መቱና ጎሬ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርድባቸዋል፤ ዝናቡም ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ አይለቅም። ቤት የማደስ ፍላጎት ደግሞ የሚመጣው ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል፣ በጳጉሜንና በመስከረም መጀመሪያ ነው። እንጨቱ ግን በዚያ ጊዜ ውስጡ ድረስ እርጥብ ነው። በእርጥብ እንጨት ላይ ቀለም ሲዘጋ ውሃው በበጋ መውጫ ይፈልጋል፤ ቀለሙን እየገፋ ፊኛ ፊኛ ያደርገውና ይፈነዳል። ሌላም አለ። በክረምት የእንጨት በር ስለሚያብጥ አልዘጋ ይላል፤ ሰውም መላጊያ አንሥቶ ጠርዙን ይልገዋል። ታኅሣሥ ሲመጣ እንጨቱ ይሰበሰብና አይጥ የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። ያበጠ በር በክረምት አይላግ፤ በበጋ ልኩን ይመልሳል።

ዘይት ቀለም የሚደርቀው ቲነሩ በንኖ ሲያልቅ ብቻ አይደለም። ቲነሩ ከበነነ በኋላ በውስጡ ያለው ዘይት ከአየር ኦክስጅን ወስዶ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ጠንካራ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ብርድና እርጥበት ይህን ሥራ ያዘገዩታል። ወፍራም ሆኖ ከተቀባም ላዩ ቆዳ ያወጣና ከሥሩ ያለው አየር ስለማያገኝ ለሳምንታት ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ጥፍር ይቀበላል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ያለው ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ደስ የሚለው፣ ወቅቱ ከቡና ገንዘብ ጋር ይገጥማል፤ ለቀማው አልቆ ሽያጩ የሚጀመርበት ጊዜ ነውና ቀለም መግዣው ያኔ ይገኛል።

ቡናው ግን ከሥራው ቦታ ይራቅ። ጀንፈልም ሆነ የተፈለፈለ ቡና በዙሪያው ያለውን ሽታ የሚወስድ ነገር ነው፤ ከቲነርና ከአዲስ ቀለም ጋር አንድ ክፍል ያደረ ጆንያ ቡና ሽታው ሲቆላም ሲፈላም ይከተላል። ገበያ ላይም ዋጋውን ያጣል። ቅቤና በርበሬም እንደዚሁ ወደ ሌላ ክፍል ይሂዱ።

የቀለም ምርጫ ብዙ አያደክምም። ለግድግዳ የሚሆነው የውሃ ቀለም ለቁም ሣጥን አይሆንም፤ በተወለወለ ቁጥር ይለቃል፣ በሩ ከአካሉ ጋር ይጣበቃል። የሚፈለገው ኢናሜል የሚባለው ዘይት ቀለም ወይም በተለይ ለእንጨት ዕቃ የተሠራ ነው። የንፋስ ስልክም ሆነ የካዲስኮ ወይም የሌላ ፋብሪካ ይሁን፣ ከላዩ ቀለም በፊት አንድ እጅ አንደርኮት አይቅር። ነጭ ለሚወዱ አንድ ነገር ልንገር፤ ነጭ ዘይት ቀለም ብርሃን በማያገኝበት ቦታ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። ከበሩ ፊት ነጭ ሆኖ ከውስጡ ግን ቅቤ የመሰለ ቁም ሣጥን የሚታየው ለዚህ ነው። ክሬም ወይም ቀላል ግራጫ ለውስጡ ይሻላል። አንድ ሊትር በለሰለሰ ገጽ ላይ አንድ እጅ ሲቀባ ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ለአንድ ተራ ቁም ሣጥን ሁለት እጅ ለመቀባት ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ቢገዛ ይበቃል።

አቀባቡ ራሱ አጭር ነገር ነው። በሩ በሁለት ጣውላ ላይ ተጋድሞ ይቀባ፤ የተጋደመ ነገር ላይ ቀለም አይወርድም። ብሩሹ እስከ ሲሶው ብቻ ይነከር። መጀመሪያ ማዕዘኖቹና የተቦረቦሩት ቦታዎች፣ ከዚያ ሜዳው፤ በመጨረሻ ብሩሹን አቅልሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ መጎተትና መተው ነው። ግማሽ የደረቀን ቀለም ተመልሶ መነካካት የብሩሽ ጠባሳ ይተዋል። የበሩ ጀርባም እንደ ፊቱ እኩል እጅ ይቀባ። ፊቱ ብቻ ከተቀባ እርጥበት ከጀርባ ብቻ እየገባ በሩን ያጎብጠዋል፤ በኢሉባቦር የተወለገዱ በሮች ብዙዎቹ የዚህ ጥፋት ውጤት ናቸው ብዬ አምናለሁ። በሁለቱ እጅ መካከል ቢያንስ አንድ ቀንና ሌሊት ይጠበቅ፤ በ220 ቁጥር ቀስ ብሎ ዳበስ ተደርጎ በጨርቅ ከተጠረገ በኋላ ሁለተኛው እጅ ይቀጥል። እንጀራና ዳቦ በቀጥታ የሚያርፍበት መደርደሪያ ግን ባይቀባ ይመረጣል።

ከእሳት ጉዳይ ማለፍ አይገባም። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ተጉዞ ምድጃ ወይም ከሰል ያለበት ቦታ ይደርሳል። ቀለም በሚቀባበት ቀን እዚያው ወጥ ቤት እሳት አይነድ፤ ምግቡ ደጅ ይሠራ። የተልባ ዘይት ወይም ቫርኒሽ የተጠረገበት ጨርቅም ተጨባብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ በራሱ ጊዜ ሞቆ ሊነድ ይችላል። ተዘርግቶ ደጅ ይድረቅ፤ ወይም ውሃ ውስጥ ይነከር።

በሮቹና መደርደሪያዎቹ በማግሥቱ የደረቁ ይመስላሉ፤ ሙሉ ጥንካሬ ለማግኘት ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋሉ። እስከዚያ በመደርደሪያዎቹ ላይ ብርጭቆና ድስት አይደርደር፤ በሳሙና አይታጠቡ። ቀረሮ ቁም ሣጥን ያለዎት አንባቢ፣ በሩ ጠቆረ ብለው በኤምዲኤፍ አይለውጡት። የሚጠይቅዎት አንድ ጣሳ አንደርኮት፣ አንድ ጣሳ ቀለምና ከታኅሣሥ አንድ ሳምንት ነው።