ስጋትና የተሰበረ የጀርባ አጥንት

 

በቅርቡ አንዲት እናት «ጀሪካን ሳነሳ ጀርባዬ ቋ ካለ ወዲህ ሶላቴን ተኝቼ ነው የምሰግደው፤ ሩኩዕ ባደርግ ወገቤ ይቆረጣል ብዬ እፈራለሁ» ብለው አለቀሱብኝ። ሐኪም የነገራቸው አጥንታቸው ስለሳሳ አንዱ የጀርባ አንጓ መጨፍለቁን ነው። ሕመሙ ቀንሷል፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቃቸውም።

አጥንት ሲፈርስና ሲታደስ የሚኖር አካል ነው። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ መፍረሱ ከመታደሱ ይበልጣል። ፕሬድኒሶሎንን ለብዙ ወራት የሚወስዱም ይሳሳባቸዋል። እንዲህ ያለው አንጓ ለመሰበር መውደቅ አያስፈልገውም፤ ማጎንበስ ወይም ማሳል ሊበቃው ይችላል። ብዙው ስብራት ሳይታወቅ ያልፋል፤ ቁመት ሲያጥርና ጀርባ ሲጎብጥ «እርጅና ነው» እንላለን።

ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ይቀላል። ስጋቱ የሚከፋው ግን እዚህ ላይ ነው። ታማሚዋ «ሌላው ደግሞ ይሰበራል» ብለው ይተኛሉ፤ ጡንቻቸው ይደክማል፣ አጥንታቸውም ይብስ ይሳሳል። ሲነሱ ይንገዳገዳሉ፤ የፈሩት መውደቅም በዚያው ይመጣል። እኛ ልጆች ደግሞ አዘንን ብለን ብርጭቆ እንኳ እንዳያነሱ እንከለክላለን። (እኔም በእናቴ ላይ አድርጌዋለሁ።)

ይህ ፍርሃት የኢማን ጉድለት አይደለም። ነብዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) የአጥንታቸውን መድከም ለጌታቸው እንደነገሩ በሱረቱ መርየም ተወስቷል። ኢምራን ቢን ሑሰይን (ረ.ዐ) ታመው ስለ ሶላት ሲጠይቁም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆመው፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያም ካቃታቸው በጎናቸው እንዲሰግዱ ነግረዋቸዋል። ስለዚህ እኚያን እናት «መቆም ከቻሉ ቆመው ይቅሩ፤ ሩኩዕና ሱጁዱን ወንበር ላይ ሆነው በምልክት ያድርጉ፤ ለሱጁዱ ትንሽ ዝቅ ይበሉ» አልኳቸው። ወደፊት በጣም ማጎንበስን ሐኪሞቹም አይመክሩም፤ ቀስ እያሉ መራመድን ግን አጥብቀው ይመክራሉ። ከአልጋ እስከ ውዱእ ቦታ በልጅ ክንድ ተደግፎ መሄድም መጀመሪያ ነው።

ወጌሻ ጀርባቸውን እንዳይጎትትና እንዳያሽ አደራ! በሳምንት አንዴ የሚዋጥ የአጥንት መድኃኒት ከታዘዘላቸው በባዶ ሆድ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል፤ ከዚያ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አይበሉም፣ አይተኙም። ረመዳን ሲገባ ሰዓቱን ሐኪም ያስተካክልላቸው። ፍርሃቱ እንቅልፍና ምግብ ከነሳቸው ያንንም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ሕክምና አለው።

የጀርባ ሕመም ሁሉ ግን የአጥንት መሳሳት አይደለም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ካለበት የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ይመርመሩ። እግር ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ ደግሞ ሳይነጋ ሆስፒታል ይድረሱ።